የቅሬው ባለቤት

በኮምቦልቻ፣ ቅሬ በሚባለው የቦርከና ዳር የቀብር ዕድር፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ በየማለዳው እንደ አዲስ ይገነባል። ሕጉ ነው። ያደረ ፕሮግራም ማስነሳት ያስቀጣል። ደንቡ መጀመሪያ የወጣው ለወተት ቤቶች ነበር ይባላል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ፕሮግራም እንዴት እንደተሻገረ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ደንብ ሲወለድ አባቱ ነኝ የሚል ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ትርሲት አጎናፍር በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከማሳያው ፊት ትቀመጥና ፕሮግራሙን ትገነባለች። አርባ አንድ ክፍሎች አሉት። አንዱ በተሟላ ቁጥር ማሳያው «አለ» ይላል። የድንኳን ጋሪ፣ አለ። የወንበር ቆጠራ፣ አለ። የቆፋሪ ተራ፣ አለ። የንፍሮ ድልድል፣ አለ። የትምህርት ቤት ስም ጥሪ ይመስላል። አርባ አንዱም ከተገኙ ፕሮግራሙ ይነሳል፤ ቅሬው ለዚያ ቀን ሟች ዝግጁ ነው ማለት ነው። አንዱ ከቀረ ሁሉም ይቀራል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቀርቶባት አያውቅም።

በ2087 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ በአንዱ ማክሰኞ፣ አሥራ ሰባተኛው ክፍል ላይ ቆመ።

«ክብርት ተጠቃሚያችን፣ እንደምን አደሩ» ይላል ጽሑፉ። «ውላችንን ለእርስዎ ጥቅም አሻሽለነዋል። ለመቀጠል የቅሬውን ባለቤት ሙሉ ስም ያስገቡ። አንድ ሰው ብቻ።»

ትርሲት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ለእርስዎ ጥቅም ተብሎ የመጣ ነገር ሁሉ አንድ ዕቃ ይዞባት ነው የሄደው።

«ባለቤት የለውም» ብላ ጻፈች።

«ይህ ስም አልተገኘም። እባክዎ ደግመው ይሞክሩ።»

«የሁላችንም ነው።»

«ይህ ስም አልተገኘም።»

«አንተ ራስህ ማነህ?»

«ይህ ስም አልተገኘም።»

በዚህኛው ሳቋ መጣ። ሳቋን ሳትጨርስ የቅሬው ጠሪ ይመር በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ይመር በሰፈሩ ሰው ሲሞት ለየቤቱ የሚያሳውቅ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሳያንኳኳ ከገባ ምን ይዞ እንደመጣ ይታወቃል።

«ማን?» አለችው።

«ሐጂ ሙሄ። ሱብሂ ሰግደው እዚያው ሰጋጃቸው ላይ። ልጃቸው ጦይባ ሻይ ይዛላቸው ብትገባ ሄደዋል።»

ትርሲት እጇን ከማሳያው ላይ አነሳች። ሐጂ ሙሄ ይማም የዘጠና ሰባት ዓመት ሰው ነበሩ፤ በልጅነታቸው ስልክ በኪስ ይያዝ እንደነበር የሚያስታውሱ። በእሳቸው ግቢና በእሷ ግቢ መካከል አንድ የግንብ አጥር ብቻ ነው ያለው። በዚያ አጥር ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተከራክረዋል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ውሻዋ።

«ከዙሁር በኋላ ይቀበራሉ ብለዋል» አለ ይመር። «ጥሪውን ልልቀቅ?»

«ምን ብለህ ትለቃለህ? ፕሮግራሙ አልተነሳም።»

ይመር ማሳያውን እንደሚናከስ ውሻ ከሩቅ አየው። «መቼ ይነሳል?»

«ባለቤታችን ሲገኝ።»

አሥራ ሰባተኛው ክፍል ድራይቨር ይባላል። ሥራው ማስተርጎም ነው። የቅሬው ፕሮግራም በአንድ ቋንቋ ይናገራል፤ የሟችና የመቃብር መዝገብ የተቀመጠበት የመረጃ ቋት በሌላ። አስተርጓሚ ከሌለ ቋቱ አይሰማም። ቋቱ ካልሰማ የመቃብር ፈቃድ አይሰጥም፤ ፈቃድ ከሌለ የመቃብሩ በር አይከፈትም፤ መቆፈሪያ ማሽኑም አይነሳም። ቋቱ ድሮ የከተማው ነበር። ከተማው ከአራት ዓመት በፊት ድርብ ቁልፍ ለሚባል ኩባንያ አሳልፎ ሰጠው፤ ለነዋሪው ጥቅም። አንዳንድ ጉልበተኛ ቅሬ በሩን ገንጥሎ መቅበር ሞክሯል። ባለፈው ዓመት የማዶ ሰፈር ሰዎች እንዲያ አደረጉና ከተማው መሬታቸውን ለስድስት ወር ዘጋባቸው፤ ስድስት ወር ሙሉ ሟቾቻቸውን ተሸክመው ሃርቡ ከተማ ድረስ ሲሄዱ ከረሙ።

ትርሲት ያንን ድራይቨር አላስገባም ብላ ሁለት ዓመት ታግላ ነበር። ምክንያቷ አጭር ነው። የቀሩት አርባ ክፍሎች ሆዳቸው ይታያል፤ ሲታመሙ ከፍታ ታያቸዋለች። ይህኛው ታሽጎ ነው የሚመጣው። «ክዳኑ የማይነሳ ድስት እሳቴ ላይ አልጥድም» አለች በጠቅላላ ጉባኤ፤ ተጨበጨበላት። ቋቱን በድሮው መንገድ ማነጋገር ገና ይቻል ስለነበር የተቸገረም አልነበረም። የኩባንያው ወኪል ቃልአብ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በአራተኛው ብልህ ሆነ፤ ሽማግሌ ላከ።

ሦስት ሽማግሌዎች እሑድ ጠዋት በሯ ላይ ቆሙ። መሪያቸው ሐጂ ሙሄ ነበሩ፤ ያኔ የዘጠና አምስት ዓመት ሰው።

«አረፍ በሉ» አለቻቸው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

«ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእነ ድርብ ቁልፍ ልጅ፣ አስተርጓሚ ነው አሉ፣ ጨዋ ነው አሉ። ከቅሬያችን ፕሮግራም ጋር ይጣመር ዘንድ ልንጠይቅሽ መጥተናል።»

«ሐጂ፣ ምን እንደሆነ ያውቁታል?»

«አላውቀውም። አንቺም አታውቂው፤ የታሸገ ነው ብለሻል። ስለዚህ እኩል ነን።»

አርባ ደቂቃ አቆመቻቸው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ታሸገ ነገር አደጋ ነገረቻቸው፤ እነሱም እየነቀነቁ ሰሟት። ከዚያ የሐጂ ቀኝ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። የዘጠና አምስት ዓመት ጉልበት ፊት የሚቆም የቴክኒክ ክርክር በወሎ ምድር እስካሁን አልተገኘም።

«እሺ። ይቀመጡ» አለች።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሰባተኛውን መስመር ጻፈች። ከጎኑም ማስታወሻ አኖረች፦ «ይህ ክፍል በሽማግሌ የገባ ነው።» በሌላ አገር ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ወደ ፕሮግራማቸው የሚያስገቡት አጥንተው፣ ፈትነው፣ አማራጭ አወዳድረው ነው ይባላል። ቦርከና ዳር ግን በይሉኝታ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የድሮው መንገድ ተዘጋ።

አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቅሬው ሰዎች በሐጂ ግቢ ተሰብስበዋል። ውስጥ ጀናዛው እየታጠበ ነው። ውጭ ያለው ሰው ቆሟል፤ ምን መሥራት እንዳለበት አያውቅም። ከሃምሳ ዓመት በታች ያለ የሰፈሩ ሰው በሕይወቱ ለቀብር ራሱን አዝዞ አያውቅም፤ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ወንበር እንደሚያወርድ ፕሮግራሙ ነው በየእጅ አንጓው ላይ የሚነግረው። አንዳንዱ በየደቂቃው እጁን ያያል። አንድ ሰው ሳይታዘዝ አንድ ወንበር አነሳና፣ ሰው ሲያየው አፍሮ መልሶ አስቀመጠው።

የቅሬው ዳኛ አቶ አራጋው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የቅሬውን ደንብ የያዘ ደብተር ከብብታቸው አይለይም።

«በሉ እንግዲህ። አንድ ስም ነው የሚፈልገው። ማንን እንበል?»

ሁሉም ወደ አጠገቡ ሰው ዞረ።

«ዳኛው እርስዎ ነዎት» አለ ይመር።

«እኔ ዳኛ ነኝ። ዳኛ ባለቤት አይደለም። ጠሪ ግን በየቤቱ ስለሚታወቅ…»

«እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ ጋሼ።»

«እኔስ የእኔን ከገበያ ነው የገዛኋቸው?»

ነገሩ አንቀጽ ሦስት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ሰው የቅሬውን ድንኳን የራሱ አስመስሎ ለዘመዱ ሠርግ ሰጠ። በዚያው ሳምንት ሐጂ ሙሄ ሐሳቡን አመጡ፤ ያኔ ጸሐፊ የነበረችው ትርሲት ጻፈችው፤ ጉባኤው በሙሉ እጅ አጸደቀው፦ «ቅሬው የእኔ ነው ያለ ከቅሬው ይወጣል። ቢሞት የሚቀብረው፣ ቢያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ የለም።» አጭርና ጨካኝ ነው። በቦርከና ዳር ልጆች ሲጣሉ እንኳን «ቅሬው የእኔ ነው በል» ተባብለው ነው የሚፈታተኑት።

ስለዚህ ሰዉ እርስ በርሱ መጋበዝ ያዘ። «እርስዎ ይሻላሉ።» «ኧረ በአላህ፣ እርስዎ እያሉ?» በር ላይ ቅደም ተቀደም ሲባባል የኖረ ሰፈር እንዲህ ከልቡ ተጋብዞ አያውቅም።

«ቃልአብ ይጠራ» አለች ጦይባ። ጦይባ የሐጂ ልጅ ናት፤ የትርሲት እኩያና ጓደኛ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ምላሷ ግን ደህና ነው።

የድርብ ቁልፍ ወኪል ቃልአብ ስምንት ቤት ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው፤ እሱም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የቅሬው አባል ነው። ሸሚዙን በሚገባ ተኩሶ መጣ። ጦይባን አቀፈ፤ አብሽሪ አላት፤ ከዚያ ነገሩን ሰምቶ ፈገግ አለ።

«መደበኛ ነገር ነው እትዬ ትርሲት። ማንንም አስገቡበት። ማንም አያየውም።»

«ማንም የማያየው ከሆነ ያንተን እናስገባ» አለች ጦይባ።

ቃልአብ የሸሚዙን አንገትጌ ነካ ነካ አደረገ። «እኔማ የኩባንያው ሰው ነኝ። የጥቅም ግጭት ይሆናል።»

«አንቀጽ ሦስትን ታውቀዋለህ ማለት ነው» አለች ትርሲት።

«እናቴ እዚሁ ነው ያለችው እትዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰማንያ ሊሞላት ነው።»

«እንግዲያው ወደ ላይ ደውል።»

ደወለ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው። የመለሰችለት ሴት በጣም ጨዋ ናት፤ ሰው ግን አይደለችም። «ጥያቄዎን ተቀብለናል። በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጥዎታለን።»

«ጀናዛ ነው» አለ ቃልአብ።

«ጀናዛ የተባለ አገልግሎት አልተገኘም። ሌላ የምንረዳዎ ነገር አለ?»

ቃልአብ ዘጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዉን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ጦይባ አሰበች። «አባቴን አስገቧቸው» አለች።

«እንዴት?» አሉ አቶ አራጋው።

«በመዝገባችሁ ገና አልሞቱም እኮ። ሞታቸውን የሚመዘግበው ይኸው አልነሳም ያለው ፕሮግራም ነው። በቋቱ በኩል አባቴ ደህና ናቸው፤ ቅዳሜ ክሊኒክ ሄደው ግፊታቸውን ተለክተዋል።»

ሰዉ ተያየ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የሰፈሩ ሼህ እጃቸውን እያደረቁ ከውስጥ ወጡና፣ ሟች ንብረት የለውም፣ ወራሽ ነው ያለው ብለው ተመለሱ። አቶ አራጋው ግን ደብተራቸውን ገልጠው ቆይተዋል።

«ከዚያም በላይ አንቀጽ ሦስት አለ» አሉ። «ሐጂን ባለቤት ካስባልናቸው ቅሬው የእኔ ነው ያሉ ይሆናሉ። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ልንቀብራቸው አንችልም።»

«አባቴ ምን አሉ? ሞተዋል እኮ።»

«ስማቸው ይላል።»

ያን ዕለት የሳቀ አልነበረም። ከወር በኋላ ግን ሰፈሩ ይህችን እያነሳ ሆዱን ሲይዝ ነበር።

አምስት ሰዓት ሆነ። ፀሐዩ በረታ። ትርሲት ምንም ሳትናገር ተነሳችና ወደ ቤቷ ሄደች። ጦይባ ተከተለቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልዋሽ።»

«ውሸት አይሆንልሽም።»

«ለሰው ነው የማይሆንልኝ።»

ማሳያው እንደተወችው እየጠበቃት ነበር። ጣቶቿን አኖረች፤ አልጻፈችም። ባሏ ጌታሁን በመቃብሩ ምዕራብ ክፍል፣ ረድፍ አራት ላይ ነው ያለው። ከጎኑ አንድ ሰው የሚያክል ባዶ ቦታ አለ፤ የእሷ ነው። ቦታው በቅሬው አባልነት የተያዘ ነው፤ አባል ካልሆነች ለሌላ ይሰጣል። በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ሄዳ ያንን ባዶ ቦታ አረም ታርመዋለች። ጌታሁን በሕይወቱ ሳለ ሰው ሲያንኮራፋ መታገሥ አይችልም ነበር፤ ጎኑ ሌላ ሰው ሲተኛ ምን ይል ይሆን ብላ አሰበች። ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ ውሃ ሲፈስ ሰማች፤ ሐጂን እያጠቡ ነው። ከዚያ ወዲያ አላሰበችም።

ባለቤት፦ ትርሲት አጎናፍር።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለ ማሳያው።

አሥራ ሰባት፣ አለ። አሥራ ስምንት፣ አለ። አርባ አንድ፣ አለ። የመቃብር ፈቃድ፦ ሙሄ ይማም፣ ምሥራቅ ክፍል፣ ረድፍ ዘጠኝ።

የይመር ጥሪ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰማ። ድንኳኑን የጫነው ጋሪ ከመጋዘኑ ብቻውን ወጥቶ ቁልቁል ወረደ። በየሰዉ እጅ ላይ ተራው በራ፤ እንደ ሐውልት ቆሞ የነበረው ሰፈር ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ቃልአብ ወደ ቆፋሪዎቹ ተመድቦ ነበር፤ የተተኮሰ ሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ሄደ።

ጀናዛው ከመነሳቱ በፊት አቶ አራጋው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው የትርሲት በር ላይ ቆሙ።

«ትርሲት እህቴ፣ ቅሬው በጣም ያመሰግንሻል።»

«እሺ።»

«ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ደግሞ ከቅሬው ወጥተሻል።»

«እሺ።»

«ቅር እንዳይልሽ።»

«አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ ጋሽ አራጋው።»

«እኔንም የከበደኝ ለዚያ ነው» አሉ። ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሑድ ጉባኤ ነው። እስከዚያ ስምሽ ከዚያ ማሽን ላይ ከወጣ፣ ይቅርታ ጠይቀሻል ብዬ ደብተሩ ላይ እመልስሻለሁ። ካልወጣ ግን ቦታሽን ለተረኛ እሰጣለሁ። ደንብ ነው።»

ሐጂ ከዙሁር በኋላ፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ ተቀበሩ። ትርሲት ከኋላ ከእንግዶች ጋር ሄደች። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከፊት አስቀመጧት፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ ለቀስተኛ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆማ ስታስተናግድ የኖረች ሴት እጇን ጭኗ ላይ አኑራ ተቀመጠች። ይመር ንፍሮውን በሁለት እጁ አቀረበላት፤ ጎንበስ ብሎ፣ እንደማያውቃት።

«ይቅመሱልን።»

ቀመሰች። «ይመር፣ ጨው ያንሰዋል።»

«እንግዳ ጨው ያንሰዋል አይልም እትዬ» አለና አለፈ። ጀርባው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየችው።

በማግስቱ ረቡዕ፣ በልማዷ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ከትናንት ወዲህ የፕሮግራሙ ጠባቂ አይደለችም። ማሽኑ ግን በአንቀጽ አይመራም፤ ባለቤቱን ዐውቆ ተከፈተ። አርባ አንዱም «አለ» አሉ። ከዚያ አሥራ ሰባተኛው ተጨማሪ ቃል ነበረው።

«ክብርት ባለቤት፣ እንደምን አደሩ። የቦርከና ዳር ቅሬን ለመግዛት ፍላጎት ያለው ወገን ተገኝቷል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ፣ አንድ ድንኳን ከነጋሪው፣ ሁለት መቶ ወንበር፣ አሥራ ሦስት ረድፍ መቃብር፣ ያረፉትን ጨምሮ።»

ከሥሩ ሁለት ቁልፎች ነበሩ። አንዱ «እስማማለሁ» ይላል። ሁለተኛው «ነገ አስታውሱኝ» ይላል። ሦስተኛ ፈለገች። አልነበረም።

ትርሲት ስትናደድ አትጮኽም። ወደ አጥሩ ሄደች።

«ጦይባ።»

«እመት።»

«የአባትሽን ቃል ላፈርስ ነው። ያንን በሽማግሌ የገባውን ላስወጣው ነው።»

ጦይባ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለች። «ያን ዕለት ከአንቺ ቤት ሲመለሱ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? አንድ ደቂቃ ብትጨምር ኖሮ ትቼው ልቀመጥ ነበር አሉኝ።»

ትርሲት አጥሩን ይዛ ቆመች። አርባ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ። «አንቺስ ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቀሽ?»

«አትናገሪ ብለውኝ ነዋ።»

ተመልሳ አሥራ ሰባተኛውን መስመር ከነማስታወሻው አጠፋችው። ፕሮግራሙ ወደቀ። ባለቤት የሚጠይቅ ነገር ጠፋ፤ ገዢውም አብሮ ጠፋ። ቋቱን የሚያነጋግርም የለም። እንግዲህ ሌላ አስተርጓሚ መጻፍ ነው፤ ሆዱ የሚታይ።

ቃልአብ ሁለት ሰዓት ላይ እየሮጠ መጣ። መዳፉ ከትናንቱ አካፋ ቆስሏል፤ መቆፈሪያው ማሽን ጠርዝ ስለማያስተካክል የሰው እጅ ይፈልጋል።

«እትዬ፣ ውሉ ድራይቨሩን መክፈት ክልክል ነው ይላል።»

«አልከፈትኩም። ነገር ግን ድራይቨሩና ቋቱ ሲያወሩ ሁለት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ሁለት ሰዎች ጎኔ ሲያወሩ ጆሮዬን አልደፍንም።» ደብተሮቿን አሳየችው። አራት ናቸው፤ ያ ምን ሲል ይህ ምን እንደመለሰ፣ ቀን በቀን።

ቃልአብ ገለጠ። ሌላ ገጽ ገለጠ። ተቀመጠ። «ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሥራ የሚያስፈታኝ ከሌለ እስከ እሑድ።»

በሩን ተነስቶ ዘጋው። «ረድፍና ቁጥሩ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚነበበው» አለ ማሳያውን ሳያይ። «እኔ አልነገርኩዎትም።»

«ማን ሆነህ ትነግረኛለህ? በል ያንን ወንበር ሳበው።»

ቀጥላ ይመርን አስጠራችው።

«ጥሪ አለ» አለችው።

ይመር ፊቱ ተለወጠ። «ማን ሞተ?»

«ማንም። ችግሩም ያ ነው። እስከ እሑድ ፈቃድ የለም፣ በር የለም፣ መቆፈሪያ የለም። ስለዚህ እስከ እሑድ በቦርከና ዳር ማንም እንዳይሞት ብለህ ጥራ።»

«እንዲህ ብዬ?»

«አሳምረህ።»

«አንቱስ ድንገት አንድ ነገር ቢሆኑ?»

«እኔ ከቅሬው የወጣሁ ሰው ነኝ። እኔማ ጭራሽ አልችልም።»

የግድግዳው መጥሪያ የፕሮግራሙ አካል ስለሆነ ይመር በእግሩ ወጣ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ በየበሩ ጠራ፤ እንዲህ ሲጠራ የሰሙ ከሰማንያ በላይ የሆኑ ብቻ ናቸው። ሰዉ እንደ ማንኛውም የቅሬ ትእዛዝ ተቀበለው። አንዱ የሐሙስ ቀዶ ሕክምናውን ወደ ሰኞ አዛወረ። አንዷ የባሏን መሰላል ቆለፈችበት። ሁለት ሽማግሌዎች በመሬት ድንበር ሊካሰሱ ተነስተው ሳለ፣ ደም ግፊት አለብንና እሑድ ይሁን ብለው ተለያዩ።

በመጨረሻው ጎዳና ላይ የዘጠና አራት ዓመቷ እትዬ ብርቄ ነበሩ። ከጥምቀት ጀምሮ አልተነሱም፤ አራት ቀን ሆኗቸው እህል አልቀመሱም፤ ልጆቻቸው ከየአገሩ መጥተው አልጋቸውን ከበው ተቀምጠዋል። ይመር ደጃፉ ላይ ደርሶ አመነታ። እዚህ ቤት እንዲህ ብሎ መጥራት ነውር መሰለው። ቢሆንም ትእዛዝ ነው፤ ድምፁን ቀንሶ ጠራ።

ከውስጥ የእትዬ ብርቄ ድምፅ መጣ፤ ደካማ ነው፤ ግን ጥርት ያለ።

«ማነህ አንተ? ግባና ድገመው።»

ገባና ደገመው።

«እሑድ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?»

ይመር ልጆቹን አየ። ልጆቹ መሬቱን ያያሉ። «ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል እትዬ።»

እትዬ ብርቄ ቀናቱን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ረጅም ነው። ተነፈሱና ወደ ታላቂቱ ልጃቸው ዞሩ።

«እንግዲያው ያንን አጥሚት አሙቁልኝ» አሉ።